ኮድ ሳይነካ የሚወድቅ ቢልድ፦ የሊኑክስ ዲስትሮ ድጋፍ ሲያበቃ

ማታ አረንጓዴ የነበረው ቢልድ (ኮዱን ገንብቶ የሚፈትነው አውቶማቲክ ሂደት) ጠዋት ቀይ ሆኗል፤ በመሃል የገባ ኮሚት ግን የለም። እንዲህ ሲያጋጥመኝ ኮዱን መበርበር ትቼ ቢልዱ ከየትኛው የዶከር ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ ከሚነሳበት ዝግጁ ሲስተም) ወይም በየትኛው ራነር (ሥራውን በሚያስኬደው ማሽን) ላይ እንደሚነሳ አያለሁ። እዚያ መስመር ላይ ሴንትኦኤስ 7፣ ደቢያን 10 ወይም ኡቡንቱ 20.04 ካገኘሁ የምርመራው ግማሽ አለቀ፤ ሦስቱም መደበኛ ድጋፋቸው ያበቃ የሊኑክስ ዲስትሮዎች (ሥርዓተ ክወናዎች) ናቸው።

ምልክት፦ ቴስቱ ሳይጀመር፣ ፓኬጅ ሲጫን ይወድቃል

ሴንትኦኤስ 7 ላይ ፓኬጅ መጫኛው «ያም» የሚረር (የፓኬጅ ማውረጃ ሰርቨሮች) ዝርዝሩን የሚሰጠውን ሰርቨር ስም ማግኘት አልቻልኩም ይላል። ሴንትኦኤስ 8 ላይ መጫኛው ዲኤንኤፍ በዝርዝሩ ውስጥ አንድም አድራሻ የለም ብሎ ይቆማል። ደቢያን ላይ ደግሞ መጫኛው አፕት 404 (አልተገኘም) ይመልስና ሪፖዚተሪው ሪሊዝ ፋይል የለውም ይላል። ሦስቱም የኔትወርክ ችግር ይመስላሉ፤ እኔም አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ዲኤንኤስ ሳስተካክል ውያለሁ።

ምክንያቱ ሌላ ነው። የሴንትኦኤስ 8 ድጋፍ በታኅሣሥ 2021 (እንደ አውሮፓውያን) መጨረሻ ቀን፣ የሴንትኦኤስ 7 ደግሞ ሰኔ 30 ቀን 2024 አበቃ። ከዚያ በኋላ ፓኬጆቹ ከመደበኛው ሚረር ተነሥተው ወደ መዝገብ ቤት ሄዱ፦ የሴንትኦኤሱ ቮልት፣ የደቢያኑ አርካይቭ፣ የኡቡንቱው ኦልድ ሪሊዝስ ይባላል። አልጠፉም፤ አድራሻ ቀይረዋል።

ለዛሬ ቢልዱን የሚያስነሳው መፍትሄ አድራሻውን ወደ መዝገብ ቤቱ ማዞር ነው። ሴንትኦኤስ ላይ በሪፖ ፋይሎቹ ውስጥ የሚረር ዝርዝሩን መስመር ዝጉ፤ ከሥሩ ኮሜንት የተደረገውን የቤዝ ዩአርኤል መስመር ከፍታችሁ የቮልትን አድራሻ አስገቡ። ይህ ከመጀመሪያው የያም ትእዛዝ በፊት መሆን አለበት። ደቢያን ላይ አድራሻውን ከቀየራችሁ በኋላም አፕት የሪሊዝ ፋይሉ ጊዜ አልፎበታል ሊል ይችላል፤ የጊዜ ማረጋገጫውን በዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ብቻ አጥፉ። የፊርማ ማረጋገጫውን ግን አትንኩት፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

«እኔ ማሽን ላይ ይሠራል» የሚል ካለ አትጨቃጨቁ። ዶከር ያንን የመጫኛ እርምጃ ከወራት በፊት ሠርቶ ውጤቱን በካሽ (ለድጋሚ አገልግሎት በሚያቆይበት ማከማቻ) አስቀምጦት ነው። ያለ ካሽ እንዲገነባ አድርጉት፤ እሱም ጋ ይወድቃል።

ይህ ግን ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። መዝገብ ቤት ውስጥ ያለ ፓኬጅ የደኅንነት ማስተካከያ አይመጣለትም።

ምልክት፦ ሥራው አይወድቅም፣ አይጀምርምም

ራነር እየጠበቀ ወረፋ ላይ ይቀራል። ቢልዶችን በሚያስኬደው የጊትሃብ አገልግሎት፣ ጊትሃብ አክሽንስ ላይ የኡቡንቱ 20.04 ራነር ሚያዝያ 15 ቀን 2025 (እንደ አውሮፓውያን) ተነሥቷል፤ በዚያ ስም የሚጠራ ሥራ የሚያነሣው የለም። ስሙን ወደ 22.04 ወይም 24.04 ቀይሩ። «ሌተስት» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም። ሥርዓተ ክወናው እናንተ ባልመረጣችሁት ቀን ይለወጥና ጥፋቱን በራሳችሁ ኮሚት ላይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ምልክት፦ ኮዱን ማውረጃው እርምጃ ራሱ ጂሊብሲ 2.28 አልተገኘም ይላል

ጂሊብሲ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የሲ ላይብረሪ ነው። ስህተቱ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል፤ ገና የእናንተ ኮድ አልተነካም። ሥራው በአሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ሲሄድ፣ አክሽኖቹ (እንደ ኮድ ማውረጃው ያሉ ዝግጁ እርምጃዎች) የሚንቀሳቀሱበት የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ፣ ኖድ 20 ወይም ከዚያ የሚበልጥ፣ እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ ይነሣል። እሱ ቢያንስ ጂሊብሲ 2.28 ይፈልጋል፤ ሴንትኦኤስ 7 ያለው 2.17፣ ኡቡንቱ 18.04 ያለው 2.27 ነው።

ጂሊብሲን በእጅ ላሳድግ አትበሉ፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። አሮጌውን ዲስትሮ የግድ መፈተን ካለባችሁ፣ ኮዱን በራነሩ ላይ አውርዱና ኮንቴይነሩን በዶከር ትእዛዝ ራሳችሁ አስነሡት፤ የኮዱን ፎልደር ወደ ውስጥ አሳልፉለት። ያኔ ኖድ ውጭ ይቀራል።

የፓይተን ዊል (ኮምፓይል ተደርጎ የሚሰራጭ የመጫኛ ፋይል) የምታዘጋጁ ከሆነ ነገሩ ከቢልድ ያልፋል። ዊል ከሚገነባባቸው ኢሜጆች ማኒሊኑክስ 2014 የተሠራው በሴንትኦኤስ 7 ላይ ሲሆን ማኒሊኑክስ 2.28 ደግሞ በአልማሊኑክስ 8 ላይ ነው። ወደ ሁለተኛው ስትዘሉ በአሮጌ ሲስተም ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች አዲሱን ዊል መጫን አይችሉም። ስለዚህ ይህን ቢልዱን የሚጠግነው ሰው ብቻውን ባይወስነው ይሻላል።

ምልክት፦ አዲሱ ዲስትሮ ላይ ሌላ ስህተት ይዘንባል

ይህ የሚጠበቅ ነው። ከኡቡንቱ 20.04 ወደ 22.04 ስትሄዱ የሲ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ከ9 ወደ 11 ይሄዳል። ከ10 ጀምሮ አንድ ግሎባል ቫሪያብል በሄደር ፋይል ውስጥ ያለ «ኤክስተርን» ከተጻፈ ሊንከሩ (የተገነቡትን ፋይሎች የሚያገናኘው) ተደጋገመ ብሎ ይጥለዋል። መፍትሄው ሄደሩን ማስተካከል ነው፤ የድሮውን ባህሪ የሚመልስ የኮምፓይለር ምርጫ አለ፣ ግን ችግሩን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው። 24.04 ላይ ፓይተን 3.12 ዲስትዩቲልስን (የድሮውን ፓኬጅ ማዘጋጃ ሞጁል) አያውቅም፤ የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው ፒፕም በሲስተሙ ፓይተን ላይ አልጭንም ይላል፤ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ክፈቱለት።

ሊብኤስኤስኤል (የኦፕንኤስኤስኤል ምስጠራ ላይብረሪ) 1.1 የለም የሚል ስህተት ካያችሁ ካሽን ጠርጥሩ። 22.04 ኦፕንኤስኤስኤል 3 ነው የያዘው፤ 20.04 ላይ ኮምፓይል የተደረገ ፋይል ከካሽ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። በካሽ ቁልፉ ስም ውስጥ የዲስትሮው ቁጥር ይግባ።

ምልክት፦ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ፑል ሪኩዌስቱ ግን አይዋሃድም

የሥራው ስም ከ20.04 ወደ 22.04 ሲቀየር፣ የብራንች ጥበቃው (ከመዋሃድ በፊት የትኞቹ ሥራዎች ማለፍ እንዳለባቸው የሚወስነው ደንብ) አሁንም አሮጌውን ስም እየጠበቀ ነው። ያ ስም ደግሞ ከእንግዲህ ውጤት አይልክም። በብራንች ጥበቃው ቅንብር ውስጥ አሮጌውን አንሥታችሁ አዲሱን አስገዳጅ አድርጉ።

አሮጌውን ከማንሣታችሁ በፊት አዲሱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይህን ሁሉ ያቀልላል። መጀመሪያ ቢወድቅም እንዳያግድ አድርጉት፤ ሲረጋ ያንን ፈቃድ አንሡ። ይህን መርሳት የተለመደ ነው፤ ለወራት ሲወድቅ ማንም ያላየው ቴስት አጋጥሞኛል። በመጨረሻ መላውን ሪፖዚተሪ ፈልጉ፤ «20.04» በሚለው ቁጥር ብቻ ሳይሆን «ፎካል» በሚለው የ20.04 ቅጽል ስምም፤ ፓኬጅ የሚያዘጋጁ ስክሪፕቶችና የመጫኛ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በዚያ ነው።