ቡናማው ሽቦ ሲግል፦ የኤምጂቢ የኤሌክትሪክ ችግሮችና መፍትሔያቸው

አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና መብራቱ ሲደበዝዝ ወይም ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ዝም ሲል ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ሽቦው አርጅቷል፤ ሙሉውን ቀይረው።» ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ባለቤቱ ገንዘቡንና በርካታ ቅዳሜዎቹን ከጨረሰ በኋላ አዲሱን ሽቦ እዚያው አሮጌ ዝገት ላይ መልሶ ያስረዋል፤ ችግሩም ባለበት ይቀጥላል። ለዚህ ነው ከሽቦው ሳይሆን ከምልክቱ የምጀምረው። መቀየር ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ እሱን ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

የምጽፈው ስለ ኤምጂቢ ነው። እንግሊዝ አገር አቢንግደን በምትባል ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ የተሠራ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ ትልቁ ገበያውም አሜሪካ የነበረ መኪና ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በጋራዤ ያለው የ1971 ሥሪት ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራን የተማርኩት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በተለማማጅነት ነበር፤ እዚያ የለመድኩት «መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ፍታ» የሚለው ልማድ በዚህ መኪና ላይ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ጠቅሞኛል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ቀለሞቹን ይወቁ

የዚህ መኪና ሽቦ በቀለም ይናገራል። ቡናማ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ ቁልፉ ቢዘጋም ኃይል አለው፣ ፊውዝም የለውም። ነጭ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል ያገኛል፤ እሱም ፊውዝ የለውም። አረንጓዴ በቁልፍና በፊውዝ ያለፈ ነው። ሐምራዊ ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ ግን በፊውዝ የተጠበቀ ነው። ቀይ የጎንና የኋላ መብራት፣ ሰማያዊ የፊት መብራት፣ ጥቁር ደግሞ ግራውንድ ነው፤ ማለትም ኃይሉ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር። ሁለት ቀለም ያለበት ሽቦ ከእነዚህ የአንዱ ቅርንጫፍ ነው፦ ቀይ መስመር ያለበት አረንጓዴ የግራ ፍሬቻ፣ ነጭ መስመር ያለበት አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ ሐምራዊ መስመር ያለበት አረንጓዴ የፍሬን መብራት።

ሁለተኛው ነገር የባትሪው አቅጣጫ ነው። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት ኤምጂቢዎች ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት እንደ ዛሬ መኪኖች ኔጌቲቩን ያያይዛሉ። ከቀደሙት ብዙዎቹ በባለቤቶቻቸው ተገልብጠዋል፤ ስለዚህ ዓመቱን አይመኑ፣ በዓይንዎ ይዩ። እስከ 1974 ገደማ ያሉት ከመቀመጫው ጀርባ ከወለሉ በታች ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረውባቸዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው አጭር ገመድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ የዝገት ቤት ነው።

ምልክት፦ የፊት መብራቱ ቢጫና ደብዛዛ ነው

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አምፖሉም ሽቦውም አይደለም፤ ማያያዣው ነው። ጫፋቸው ጥይት የሚመስል ማያያዣዎች በጥቁር ጎማ ውስጥ ተሰክተው ከራዲያተሩ ፊት ለፊት፣ ዝናብና አቧራ በሚመታቸው ቦታ ተቀምጠዋል። ጎማውን ገፋ አድርገው ጥይቱን ሲስቡት ናሱ ወደ ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ተለውጦ ያገኙታል።

እንዲህ ይለኩ። የፊት መብራቱ በርቶ ሳለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ኃይል በሚቀበልበት ጫፍ ላይ ያድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ኃይሉ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። ቀጥሎ ከአምፖሉ ጥቁር ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ይለኩ፤ እዚህ ከ0.2 ቮልት በላይ መውጣት የለበትም። አምፖሉ የሚደርሰው 12.6 ሳይሆን 10.5 ቮልት ከሆነ ብርሃኑ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ይህ የመብራት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። 0.2 ኦም ብቻ የሚቃወም አንድ መጥፎ ማያያዣ 10 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት ይበላል፤ ያ 2 ቮልት በአንዲት የጣት ጫፍ በምታህል ጎማ ውስጥ 20 ዋት ሙቀት ይሆናል። ትንሽ የመበየጃ ብረት 25 ዋት ነው። የቀለጠ ማያያዣ የሚገኘው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ጥይቶቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ መጥረግ፣ የዛገውን የጎማ ማያያዣ በአዲስ መተካት፣ ቫዝሊን ቀባ አድርጎ መመለስ ነው። ከዚያ በኋላ ለፊት መብራቱ ሁለት ሬሌ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ማስገባት እመክራለሁ፤ በአሮጌው የመብራት ማብሪያ በኩል የሚያልፈው ኃይል እጅግ ይቀንሳልና።

ምልክት፦ ሞተሪኖው ይዝላል፣ የቾክ ገመዱም ይግላል

ይህን ያየ ሰው አይረሳውም። ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ በዝግታ «እህ» ይላል፤ ቾኩን (የቀዘቀዘ ሞተር ለማስነሳት የሚሳበውን መሳቢያ) ሲነኩት ደግሞ ገመዱ እጅ ያቃጥላል፤ አንዳንዴም ጭስ ይወጣዋል። እኔ ጋ የመጣ አንድ መኪና የቾክ ገመዱ ከውጭ ሽፋኑ ጋር ተበይዶ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር። ባለቤቱ ካርቡራቶሩን ሊያስፈታ ነበር የመጣው።

ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ሞተሩንና የመኪናውን አካል የሚያገናኝ ወፍራም የተጠለፈ ገመድ አለ። ያ ገመድ ሲበጠስ፣ ሲዝግ፣ ወይም አንድ መካኒክ ካምቢዮ ካወረደ በኋላ መመለሱን ሲረሳው፣ ሞተሪኖው የሚፈልገው ከመቶ አምፔር በላይ የሆነ ኃይል ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። የሚያገኘው ቀጭኑን የቾክ ወይም የነዳጅ መርገጫውን ገመድ ነው።

መፍትሔው የግራውንድ ገመዱን በአዲስ መቀየር፣ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙንም ዝገቱንም ፍቆ ወደ ንጹሕ ብረት ማድረስ ነው። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ምልክት፦ ፍሬን ሲይዙ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል

የኋላ መብራቱ ግራውንድ የለውም። ኃይሉ በጥቁሩ መመለስ ሲያቅተው በሌላው አምፖል ክር በኩል ዞሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ያልታዘዘ መብራት ይበራል። መብራቱ የታሰረበትን ብሎንና ዳዶ ፈትተው ያጽዱ፤ ጥቁሩን ሽቦ በሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ይከተሉ። እዚህ አዲስ የሽቦ ጥቅል መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ምልክት፦ የነዳጅ መለኪያው ሁልጊዜ ባዶ ያሳያል

ወደ ታንኩ የሚሄደውን ጥቁር መስመር ያለበት አረንጓዴ ሽቦ ነቅለው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከአካሉ ጋር ያገናኙት። የ1971ን በመሰሉት ላይ መርፌው ቀስ ብሎ ወደ ሙሉ ከወጣ ሽቦውና መለኪያው ደህና ናቸው፤ ችግሩ ታንኩ ላይ ነው።

ምልክት፦ ባትሪው አድሮ ይሞታል

ሁሉንም ነገር አጥፍተው ቴስተሩን በአምፔር ልክ ላይ አድርገው በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መካከል ያስገቡ። በዚህ ጊዜ ቁልፉን አይንኩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካነበበ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ሁሉም ተነቅለው ካልቀነሰ ሌባው ቡናማው መስመር ላይ ነው፤ ቀድመው የአልተርኔተሩን (ባትሪውን የሚሞላውን አዲሱን ዓይነት ዲናሞ) መሰኪያ ይንቀሉ፣ በውስጡ የተበላሸ ዳዮድ (ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) የተለመደ ነውና።

ምልክት፦ ፊውዝ ደጋግሞ ይቃጠላል

ፊውዙን ከመተካትዎ በፊት ቁጥሩን ያንብቡ። በዋናው የእንግሊዝ የመስታወት ፊውዝ ላይ የተጻፈው 35 አምፔር የሚቃጠልበት ልክ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሸከመው 17 አምፔር ነው። በአሜሪካ ፊውዝ ላይ የተጻፈው 35 ግን ያለማቋረጥ የሚሸከመው ነው። የእንግሊዙን በአሜሪካው 35 የተካ ሰው ጥበቃውን ያለማወቅ በእጥፍ አላልቶታል፤ ከፊውዙ በፊት ሽቦው ይቃጠላል። የአሜሪካን ፊውዝ የሚያስገቡ ከሆነ ከ15 እስከ 20 አምፔር ያለውን ይምረጡ። ከዚያም የሚነካካውን ቦታ ይፈልጉ፦ ከወለሉ በታች የሚያልፈው የኋላ ሽቦ፣ በላሜራ ቀዳዳ የሚያልፈው ሁሉ፣ የመሪው ዘንግ አካባቢ።

ምልክት፦ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፣ የደረቀ ሽቦ

መቀየር የሚገባው እዚህ ነው። ከሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ቁልፉ ሲዞር ኃይሉን ወደ ሞተሪኖው ከሚያስገባው ማብሪያ) ተነስቶ ወደ ክሩስኮቱ የሚሄደውን ቡናማ ሽቦ ትንሽ ጎንበስ ያድርጉት። ሽፋኑ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተሰነጣጠቀ፣ ወይም ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ገልጠው መዳቡ ከቀይ ወደ ጥቁር ተለውጦ ካገኙት፣ ያ ሽቦ በአንድ ወቅት ከሚገባው በላይ ግሏል። በጥቅል ውስጥ አንድ ሽቦ ሲግል ብቻውን አይጎዳም፤ አብረውት የታሰሩትን ያቀልጣቸዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ራዲዮ በቡናማው ላይ ያለ ፊውዝ አስሮ ነበር። ፕላስተሩን ስፈታ ሰባት ሽቦ አንድ ላይ ተጣብቆ እንደ ሻማ ተቋጥሮ አገኘሁት። እንዲህ ያለውን ጠግኖ መተው ቤትን ከነቤተሰቡ ለእሳት ማጋለጥ ነው፤ መኪናው የሚያድረው ከመኝታ ክፍልዎ ሥር ባለው ጋራዥ ሊሆን ይችላልና።

መቀየሩ

የሽቦ ጥቅሉን ሲያዙ «ኤምጂቢ» ማለት አይበቃም። የሻንሲ ቁጥሩን፣ መሪው በየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ዲናሞው አሮጌው ዓይነት ወይም አልተርኔተር መሆኑን፣ ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲነዱ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) መኖር አለመኖሩን ይጻፉ። ወደ አሜሪካ የመጡት በየዓመቱ በደኅንነት ሕግ ምክንያት ስለተለዋወጡ የ1970ው ለ1972 ላይገባ ይችላል።

የባትሪውን ግራውንድ መጀመሪያ ይፍቱ። ከዚያ ለአንድ ምሽት ካሜራና ወረቀት ብቻ ይዘው ይሥሩ፦ እያንዳንዱን ማያያዣ ፎቶ ያንሱ፣ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የተጻፈበት ወረቀት ያስሩ። አሮጌውን ሽቦ አይቁረጡ። ብዙ ሰው ለማውጣት ሲል በፒንሳ ቆራርጦ ይጎትተዋል፤ በዚያው ቅጽበት ያለውን ብቸኛ ካርታ ቀደደው ማለት ነው። እንዳለ ያውጡትና ወለል ላይ ከአዲሱ ጎን ዘርግተው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ያመሳስሉ። አዲሱ ላይ የጎደለ ወይም አጭር የሆነ ቅርንጫፍ የሚታየው ያኔ ነው፤ መልሶ ለመላክም ጊዜው ያኔ ነው።

ሞተሩንና የተሳፋሪውን ክፍል በሚለየው ላሜራ በኩል ለማሳለፍ፣ አሮጌውን ከመሳብዎ በፊት ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ ይሰሩ። አሮጌው ሲወጣ ሲባጎው መንገዱን ይዞ ይቀራል፤ አዲሱን በእሱ ይስቡ። የቀዳዳው የጎማ ቀለበት የግድ አዲስ ይሁን፤ ያለ እሱ የላሜራው ስለት በጥቂት ወራት አዲሱን ቡናማ ሽቦ ይላጨዋል። ከኋላው ጥቅል ይጀምሩ፤ ቀጥተኛና ቀላል ስለሆነ እጅን ያፍታታል። ክሩስኮቱን በመጨረሻ ይያዙት፤ መሪውንና መቀመጫዎቹን አውጥተው በጀርባዎ ተኝተው መሥራት ግድ ነው።

የግራውንድ ቦታዎቹን ሁሉ አሁን ያጽዱ። ወደ ክሩስኮቱ በሚሄደው ቡናማ ላይም ከሶሌኖይዱ አጠገብ አንድ ዋና ፊውዝ ያስገቡ፤ ፋብሪካው አላደረገውም፣ እኛ ማድረግ እንችላለን። ከአልተርኔተሩ የሚመጣውን ወፍራም ቡናማ ግን አይንኩት፤ ሞተሩ እየሠራ ያ መስመር ቢቋረጥ አልተርኔተሩ ራሱ ይበላሻል።

የመጀመሪያው ኃይል

ባትሪውን በቀጥታ አያገናኙት። በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መካከል ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ያስገቡ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፖሉ ደምቆ ከበራ አንድ ቦታ ሽቦ ከአካሉ ጋር ተነካክቷል፤ አምፖሉ ከ2 አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ ምንም አይቃጠልም፣ ረጋ ብለው ይፈልጋሉ። ካልበራ አንድ በአንድ ያብሩ፦ የጎን መብራት፣ ፍሬቻ፣ ቁልፍ። በእያንዳንዱ አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ መብራቱ ትክክል ነው፤ ሥራው የሚቋረጠው ሲደምቅ ነው። የፊት መብራቱንና ሞተሪኖውን የሚሞክሩት አምፖሉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማንበብ አለብዎት። ከዚያ የፊት መብራቱን አብርተው ሩብ ሰዓት ያህል ያሠሩትና ሞተሩን አጥፍተው በጣትዎ እያንዳንዱን ማያያዣ ይዳስሱ፦ የፊውዝ ሳጥኑን፣ የመብራት ማብሪያውን ጀርባ፣ የሶሌኖይዱን ብሎን። የሚግል ካለ መጥበቅ ወይም መጽዳት ይቀረዋል። 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ይህንኑ ዳሰሳ ይድገሙት፤ አዲስ የታሰረ ዳዶ በዚያ ርቀት ውስጥ ሊላላ ይችላል።