ከሃርት አታክ በኋላ ኮሌስትሮልን በቡድን የመቆጣጠር መመሪያ
ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው፣ የደረሰበት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ጠንከር ያለ የስታቲን (ኮሌስትሮልን የሚቀንስ) መድኃኒት፣ ለምሳሌ አቶርቫስታቲን 40 ወይም 80 ሚሊግራም፣ ይታዘዝለታል። ከዚያ ወዲያ የሚያዘው፣ ደሙን የሚመረምረው፣ መድኃኒቱን የሚያድለውና ወጡን የሚሠራው ሰው ለየብቻ ስለሆኑ፣ ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ ደብተር ገና ሳይወጡ ያዘጋጁ።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሲታመሙ የተለካው ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል)፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ እንዲሁም ደምዎ እንደገና የሚመረመርበት ቀን እንዲጻፍልዎ ሐኪሙን ወይም ነርሷን ይጠይቁ። ምርመራው ሕክምናው በተጀመረ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል፤ የላቦራቶሪ ማዘዣውን ማን እንደሚጽፍልዎ ሳያውቁ አይውጡ።

የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ኤልዲኤል ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንስና በዴሲሊትር ከ55 ሚሊግራም በታች እንዲወርድ ይመክራል። ስለዚህ 140 የነበረው 80 ቢሆን፣ «ወርዷል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ኢዜቲማይብ የተባለው ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት 10 ሚሊግራም ይጨመርልኝ ወይ ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል እንዲህ ያለ ጥያቄ ድፍረት አይባልም።

ፋርማሲስቱም መድኃኒት አቀባይ ብቻ አይደሉም። ደብተሩን ሲያዩ ስሙ ወይም ሚሊግራሙ ተለውጦ እንደሆነ ይለያሉ፤ ሌላ ሐኪም ክላሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ቢያዝ፣ ከአቶርቫስታቲን ጋር ሲወሰድ ጡንቻን ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ጡንቻዎን ካመመዎ መድኃኒቱን በራስዎ ከማቋረጥ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ከሕመሙ ጋር ሽንትዎ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ከቡድኑ ሁሉ የሚረሳው ጓዳ ያለው ሰው ነው፤ ወደ ቀጠሮ ይዘውት ይሂዱ። ጾም ሲገባ ሥጋና ቅቤ ቢቀርም፣ ሽሮው በሚረጋው የፓልም ዘይት ከተሠራ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን የሚጨምር ስብ ነውና። አቶርቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት ሊዋጥ ስለሚችል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም ሆነ ረመዳንን የሚይዝ ሰው ወደ ማታ ሊያዛውረው ይችላል፤ የሌሎቹን መድኃኒቶች ሰዓት ግን ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ሳይጠይቅ አይለውጥ።

ቁጥሩ ከ55 በታች ከገባ በኋላም መድኃኒቱ ይቀጥላል፤ ደሙም ሐኪሙ እንደወሰነው ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እየተመረመረ በዚያው ደብተር ይመዘገባል።