የከተማችሁ ምክር ቤት መብታችሁን እንዲያስከብር ስትጠይቁ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖች ነው የምጽፈው። ሕገ መንግሥታዊ መብት ሲባል ብዙዎቻችን ዓይናችን ዋሽንግተን ላይ ነው። ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ የሚሰበሰበውን የከተማ ምክር ቤት እንረሳዋለን። እሱም ቢሆን ብዙ መሥራት ይችላል፣ አጠያየቁን ካወቅንበት። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ውሰዷቸው።

ትልቁ ስህተት «ከተማ ምን አቅም አለው?» ብሎ ገና ሳይጀምሩ መተው ነው። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ የመንግሥትን የመሰለልና የመመርመር ሥልጣን ያሰፋው ሕግ፣ ፓትሪዮት አክት፣ በኦክቶበር 2001 ሴኔት ሲያልፍ የተቃወመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ የዊስኮንሲኑ ረስ ፋይንጎልድ። 98 ለ 1። በዚያ ሰሞን ሕጉን መቃወም አገር እንደመክዳት ነበር የሚታየው። ግን ብዙም ሳይቆይ፣ በጃንዋሪ 2002፣ የሚሺጋኗ የአን አርበር ከተማ ምክር ቤት በሕጉ ላይ ያለውን ስጋት በውሳኔ አሳወቀ። የማሳቹሴትሷ ኖርዝሃምፕተንና ሌሎችም ከተሞች ተከተሉ። በ2003 ሃዋይ በስቴት ደረጃ የመጀመሪያዋ ሆነች። በመጨረሻ ከ400 በላይ ከተሞችና ካውንቲዎች፣ 8 ስቴቶችም ጭምር ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ስህተት አለ፤ ጉዳዩን የአንድ ፓርቲ ማድረግ። ከእነዚያ ስቴቶች አንዷ አላስካ ናት፣ ያኔ ምክር ቤቷን የያዙት ሪፐብሊካኖች ነበሩ። ቤቴ ያለ ፈቃዴ አይፈተሽ የሚል ሰው በሁሉም ፓርቲ ውስጥ አለ። እሱን ከመጀመሪያው አታስቀይሙት።

ቀጥሎ የሚመጣው ከተማው የሌለውን ሥልጣን መጠየቅ ነው። «የፌዴራሉን ሕግ ሰርዙልን» ብትሏቸው የከተማው ጠበቃ በሁለት ደቂቃ ይዘጋችኋል። ልክም ነው፣ አይችሉም። የሚችሉት የራሳቸውን እጅ መሰብሰብ፣ ማለትም አለመተባበር ነው። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የሞንታናና የአሪዞና ሸሪፎች የመሣሪያ ገዢዎችን ታሪክ አጣሩ ተብለው በከሰሱበት ጉዳይ፣ የፌዴራል መንግሥት የአካባቢ ባለሥልጣናትን አስገድዶ የራሱን ፕሮግራም ሊያስፈጽምባቸው እንደማይችል ወስኗል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ በከተማው ፖሊስ፣ በከተማው በጀት፣ ከተማው በያዘው መረጃ ላይ ይሁን። ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍቱን ውሰዱ። መጽሐፍ ሲመለስ ማን እንደተዋሰው የሚያሳየው መዝገብ ወዲያው እንዲጠፋ የሚያዝ መመሪያ ቢኖር፣ ነገ ማንም መጥቶ ቢጠይቅ የሚሰጠው ነገር የለም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ ማጥፋት ግን ወንጀል ሊሆን ይችላል። መመሪያው ቀድሞ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው።

በመግለጫ መርካት ሌላው ነው። ምክር ቤቱ «ለዜጎች ነጻነት ያለንን ጽኑ አቋም እንገልጻለን» ይላል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ በማግስቱ የሚቀየር ነገር የለም። መግለጫ ጥቅም የለውም አልልም፣ መነሻ ይሆናል። የሚያስገድደው ግን ደንብ ነው። የካሊፎርኒያዋ ትንሽ ከተማ አርካታ በ2003 የከተማው ኃላፊዎች በፓትሪዮት አክት ስም መብት ለሚጥስ ምርመራ በፈቃደኝነት እንዳይተባበሩ ደነገገች፤ ለጣሰ 57 ዶላር ቅጣትም አስቀመጠች። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን ደንብ ሆነ። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በ2019 የከተማው መሥሪያ ቤቶች በካሜራ ፊት የሚለይ ቴክኖሎጂ እንዳይጠቀሙ ከለከለች። የእናንተን ረቂቅ ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ምን ተከለከለ፣ ማን በየስንት ጊዜው ሪፖርት ያቀርባል፣ የጣሰ ሰው ምን ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እንዲጨመር ጠይቁ።

ብሩን አለመከታተል! ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። የስለላ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከተማ ውስጥ የሚገባው በሕግ በር ሳይሆን በግዢ በር ነው። የሲያትል ፖሊስ በፌዴራል የአገር ደህንነት ድጎማ ድሮኖች ገዛ፣ ሕዝቡ ሲሰማ ተቆጣ፣ ከንቲባው በ2013 ፕሮግራሙን አስቆሙት። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ እንዲህ ያለ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የእሱን ፈቃድ የሚጠይቅ ደንብ አወጣ። ድጎማ ሲመጣ «ነጻ ነው፣ ለምን እንመልሰው?» ይባላል። ስለዚህ አጀንዳውን አንብቡ፣ በተለይ ያለ ውይይት በጅምላ የሚጸድቁትን ጉዳዮች ዝርዝር። የታርጋ ማንበቢያ ካሜራ ውል እዚያ ውስጥ፣ በመንገድ ጥገናና በቢሮ ኪራይ መሃል፣ በአንድ መስመር ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከዝርዝሩ ወጥቶ ለብቻው ውይይት እንዲደረግበት ከስብሰባው በፊት ለምክር ቤት አባላችሁ ጻፉ።

«ጸደቀ፣ አለቀ» ማለትም አያዋጣም። የኦሪገኗን ፖርትላንድ እዩ። በ2005 ፖሊሶቿን ከኤፍቢአይ የጋራ ፀረ ሽብር ግብረ ኃይል አወጣች። ከንቲባው ራሳቸው የቀድሞ የፖሊስ አዛዥ ነበሩ፤ የገዛ ፖሊሶቻቸው እዚያ ምን እንደሚሠሩ ለማወቅ የሚያስችል የምስጢር ፈቃድ ግን ተከለከሉ። ከዚያ በ2011 ከተማዋ በከፊል ተመለሰች፣ በ2015 ሙሉ በሙሉ፣ በ2019 እንደገና ወጣች። ከንቲባ ሲቀየር ውሳኔ ይቀየራል፣ ስለዚህ ደንቡ የሚጠይቀው ሪፖርት በሚቀርብበት ቀን ተገኙ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ማይክ ፊት የሚፈጠሩ ናቸው። የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። የአሜሪካን ታሪክ ከመሠረቱ ለመተረክ አትሞክሩ። የምትፈልጉትን አንድ ነገር መጀመሪያ ተናገሩ፣ ምክንያቱን አስከትሉ፣ የተጻፈውን ለጸሐፊው ስጡና ውረዱ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ «ዜጋ አይደለሁም፣ አይመለከተኝም» አትበሉ፤ የመናገር መብት ለዜጋ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ይሁን እንጂ ስብሰባው ይቀረጻል፣ ኢንተርኔት ላይም ይቀመጣል። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ ስለ ደንቡ ተናገሩ እንጂ የራሳችሁን ፋይል እዚያ አትዘርዝሩ። እሱን ለጠበቃችሁ ተዉት።