የመጋዘንና የማድረስ ክፍያ ሲጨምር፦ ዋጋ ከማስወደድ በፊት የሚሠራ ሥራ

በኦንላይን ገበያ የሚነግድ ሰው ምርቱን በገበያው ባለቤት መጋዘን አስቀምጦ፣ ማሸጉንና ለገዢው ማድረሱንም ለዚያው ድርጅት ሲተው፣ በየጊዜው የሚቆረጥበት ገንዘብ አንድ ወጥ ክፍያ አይደለም። ኮሚሽኑ ለብቻው፣ ዕቃውን ከመደርደሪያ አንሥቶ አሽጎ የመላኩ ሒሳብ ለብቻው፣ የማከማቻ ኪራዩም ለብቻው ይታሰባል። አማዞን ይህን አገልግሎት ለሻጮች የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዚያ ወዲህ የክፍያው መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም በዝቷል። በኤፕሪል 2022 የነዳጅና የዋጋ ንረት ተብሎ የአምስት በመቶ ጭማሪ በአሜሪካ ሻጮች ላይ ተጣለ፤ በዚያው ዓመት ከኦክቶበር 15 እስከ ጃንዋሪ 14 የሚጸና የበዓል ወቅት ተጨማሪ ታሪፍ መጣ። በ2024 ደግሞ ዕቃን በመጋዘኖች መካከል ለመደልደል፣ ክምችት ሲያንስ፣ እንዲሁም ተመላሽ ሲበዛ የሚከፈሉ ሦስት አዳዲስ ክፍያዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተከታትለው ሥራ ላይ ዋሉ። በዚህ ጽሑፍ የአማዞን የአሜሪካ ገበያ ደንብ በምሳሌነት የተወሰደው ስሌቱ በዝርዝር ስለሚታወቅ ነው፤ የሌሎቹም ገበያዎች አካሄድ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እነዚህን ክፍያዎች አንድ በአንድ የመረመረ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ፦ አብዛኞቹ የሚለኩት ዕቃው በያዘው ቦታና በመጋዘን በቆየበት ጊዜ ነው። ታሪፉን የሚያወጣው ገበያው ቢሆንም ሳጥኑን የሚመርጠውና የሚልከውን ብዛት የሚወስነው ሻጩ ስለሆነ፣ ለጭማሪው የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ከመሸጫ ዋጋው ላይ ሳይሆን ከእነዚህ ሁለቱ ላይ መጀመር አለበት።

የአንዷን ዕቃ ሒሳብ ማውጣት

ከሁሉ በፊት የሱቁን ጠቅላላ ትርፍ ይተዉና የእያንዳንዱን ምርት የአንድ ፍሬ ሒሳብ በኤክሴል ያውጡ። ለምሳሌ ያህል አንድ ዕቃ በ25 ዶላር ይሸጣል እንበል። ኮሚሽኑ 15 በመቶ ከሆነ 3.75 ዶላር ይወስዳል፤ የማሸጊያና የማድረሻው 5 ዶላር፣ ዕቃው ተገዝቶ መጋዘን እስኪደርስ የወጣበት 7 ዶላር፣ ማስታወቂያ 3 ዶላር፣ ማከማቻ፣ መደልደያና የተመላሽ ድርሻ ተደምረው 1.75 ዶላር ቢሆኑ፣ ለሻጩ የሚተርፈው 4.50 ዶላር ነው። አሁን የማድረሻው ክፍያ በ60 ሳንቲም ይጨምር። ከመሸጫ ዋጋው አንጻር ሲታይ ጭማሪው 2.4 በመቶ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ከትርፉ ላይ ሲነሣ ግን ከ13 በመቶ በላይ ቆርጦ ይሄዳል። ሻጮች «ትንሽ ጨመረ» ብለው አልፈው በዓመቱ መጨረሻ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚጠፋባቸው ጭማሪውን ከሽያጩ እንጂ ከትርፉ ጋር ስለማያነጻጽሩት ነው።

ይህን ሰንጠረዥ ሲሠሩ ማስታወቂያውን በሱቁ ሁሉ ላይ እኩል አያካፍሉት። ብዙ ማስታወቂያ የሚበላውና ራሱን ችሎ የሚሸጠው ዕቃ አንድ ዓይነት ወጪ ከተጻፈላቸው፣ በኋላ የሚጣለው ምርት የተሳሳተው ይሆናል።

ሳጥኑን መለካት

ብዙ ሻጭ ስለ ዋጋ ሲያወጣና ሲያወርድ ይሰነብታል እንጂ ሜትር አንሥቶ ሳጥኑን አይለካም። ሆኖም ትልቁ ቁጠባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ነው። ማጓጓዣ ድርጅቶችና ትልልቆቹ ገበያዎች ክፍያውን የሚያሰሉት ከትክክለኛው ክብደትና ከመጠን ተሰልቶ ከሚገኘው ክብደት በሚበልጠው ነው። የኋለኛው በአማዞን የሚገኘው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በኢንች ተባዝተው ለ139 ሲካፈሉ ሲሆን ውጤቱ በፓውንድ ይነበባል። 14 በ10 በ8 ኢንች የሆነ ሳጥን ይዘቱ 1120 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ ለ139 ሲካፈል 8.06 ፓውንድ ይሆናል። ውስጡ ያለው ዕቃ 3 ፓውንድ ብቻ ቢመዝንም ሻጩ የሚከፍለው ከ8 ፓውንድ በላይ እንደላከ ተቆጥሮ ነው። የሳጥኑ ቁመት ወደ 5 ኢንች ቢወርድ ስሌቱ 5.04 ፓውንድ ይሰጣል፤ ዕቃው ሳይነካ ሦስት ፓውንድ ያህል አየር ከሒሳቡ ወጣ ማለት ነው።

ታሪፉ በእርከን የሚወጣ ስለሆነ ከእርከኑ ጠርዝ ጥቂት ያለፈ ዕቃ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ከላይ ያለው ሳጥን ቁመቱ ከ8 ወደ 7.9 ኢንች ቢቀንስ ውጤቱ 7.96 ፓውንድ ስለሚሆን ከ8 ፓውንድ በታች ይገባል፤ በኢንች አንድ አሥረኛ የሚገኝ ዝቅታ ነው። የመጠን ምድቦቹም እንዲሁ ናቸው። በአማዞን አነስተኛ መደበኛ የሚባለው ምድብ ከ15 በ12 በ0.75 ኢንች እና ከ16 አውንስ ማለፍ የለበትም፤ ትልቅ መደበኛ የሚባለው ደግሞ እስከ 18 በ14 በ8 ኢንችና እስከ 20 ፓውንድ ይደርሳል። ውፍረቱ 0.8 ኢንች የሆነ ጠፍጣፋ ዕቃ የካርቶን ክዳኑ በመወፈሩ ብቻ ወደ ትልቁ ምድብ ይሸጋገራል፤ በዚያ ምድብ ውስጥ ደግሞ በመጠን የሚሰላው ክብደት ይሠራበታል፣ በአነስተኛው ግን ትክክለኛው ክብደት ብቻ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ከአቅራቢዎ ጋር ሲነጋገሩ «ዋጋ ቀንስልኝ» ከማለት ይልቅ የማሸጊያውን መጠን በቁጥር ጽፈው ይጠይቁ። ዕቃው ተነቃቅሎ መታሸግ ይችል እንደሆነ፣ ጠንካራው ሳጥን በወፍራም ከረጢት መተካት ይችል እንደሆነ፣ የውስጥ መደገፊያው ከሚያስፈልገው በላይ ወፍሮ እንደሆነ ይመርምሩ። ዕቃው በራሱ ማሸጊያ ያለ ተጨማሪ ሳጥን እንዲላክ የሚያስመዘግቡበት አሠራር ካለ ክፍያው ዝቅ ይላል፤ ማሸጊያው ግን የመውደቅ ፈተናን መቋቋም ይኖርበታል። እዚህ ላይ ስስት አይጠቅምም፤ ማሸጊያው ሳስቶ ዕቃው ተሰብሮ ከተመለሰ በማድረሻው የተቆጠበው በተመላሹ ይከፈላል።

ማሸጊያውን ካስተካከሉ በኋላ በሻጭ መለያዎ ላይ የተመዘገበውን መጠን እራስዎ ከለኩት ጋር ያነጻጽሩ። ገበያው ዕቃውን የሚለካው በራሱ መሣሪያ ነው፤ ያበጠ ከረጢት ወይም በደንብ ያልተጣጠፈ ካርቶን ከእውነቱ የሰፋ ልክ ሊያስመዘግብ ይችላል። ልዩነት ካገኙ ከሜትር ጋር የተነሣ ፎቶግራፍ አያይዘው ዕቃው በድጋሚ እንዲለካ ይጠይቁ።

ክምችቱን በሁለት ወሰን መካከል መያዝ

የማከማቻ ኪራይ እንደ ወቅቱ በእጅጉ ይለያያል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በወጣው የአማዞን የአሜሪካ ታሪፍ መደበኛ መጠን ላለው ዕቃ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር በኪዩቢክ ጫማ በወር 0.78 ዶላር ሲታሰብ፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ግን 2.40 ዶላር ነው፤ ከሦስት እጥፍ በጥቂቱ ይበልጣል። ከዚህ ሌላ ዕቃው 181 ቀን ካለፈው የቆየ ክምችት ተብሎ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ይህን ፈርቶ ጥቂት ጥቂት የሚልክ ሻጭም አያመልጥም፤ ያለው ክምችት ከሽያጩ ጋር ተነጻጽሮ ላለፉት 30 ቀናትም ለ90 ቀናትም ከ28 ቀን ሽያጭ በታች ሆኖ ከተገኘ ክምችት አንሷል ተብሎ በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ይቆረጥበታል። ሻጩ ብዙ በመያዙም ጥቂት በመያዙም የሚቀጣበት ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መውጫው የመላኪያውን ጊዜ በስሌት መወሰን ነው። በቀን 10 ፍሬ የሚሸጥ ዕቃ የ28 ቀን ወሰኑ 280 ፍሬ ነው፤ አዲስ ጭነት ከእርስዎ ተነሥቶ በመጋዘኑ ተቀባይነት እስኪያገኝ 20 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ ክምችቱ 480 ሲደርስ አዲሱ ጭነት መንገድ ላይ መሆን አለበት። በጅምላ የገዙትን በሙሉ ወደ ገበያው መጋዘን ከመላክ ይልቅ ቀሪውን ርካሽ ማከማቻ ውስጥ አስቀምጦ ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚበቃውን እያስገቡ መሄድ ለአብዛኛው ዕቃ የተሻለ ይመስለኛል። ሽያጩ በወቅት የሚዋዥቅ ዕቃ ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ ለእርሱ ያለፈው ወር አማካይ ምንም አይናገርም።

ጭነቱን ወደ አንድ ቦታ ብቻ መላክ የመደልደያ ክፍያ ያስከትላል፤ ገበያው በመረጣቸው በርካታ ቦታዎች ከፋፍሎ መላክ ግን ከዚህ ክፍያ ነጻ ያደርጋል። ለዚህም ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው ቢያንስ አምስት ካርቶኖች ያስፈልጋሉ። የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው በመደመር ነው፦ ለ500 ፍሬ መደልደያው በፍሬ 30 ሳንቲም ቢሆን 150 ዶላር ይመጣል፤ ከፋፍሎ መላኩ በማጓጓዣው ላይ ከዚህ ያነሰ ከጨመረ ይከፋፍሉ፣ ከበለጠ ይተዉት።

ተመላሽና የጠፋ ዕቃ

ለምርቱ ዓይነት ከተቀመጠው ወሰን በላይ የሚመለስ ዕቃ ለብቻው ይከፈልበታል፤ በልብስና በጫማ ላይ ያለው ደንብ ደግሞ ሌላ ነው። ገዢዎች የጻፉትን የመመለሻ ምክንያት ያንብቡ፤ «ከጠበቅሁት ያንሳል» የሚል ከተደጋገመ ጉድለቱ በዕቃው ሳይሆን በምርቱ ገጽ ላይ ነው፤ ልኩን በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያክሉ። በመጋዘን የጠፋና የተጎዳ ዕቃ ካሳም አይዘንጋ። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ለዚህ የሚቀርብ አቤቱታ የ60 ቀን ገደብ ስላለው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳብ የሚዘጋ ሻጭ ካሳውን ሳይጠይቅ ጊዜው ያልፍበታል፤ በየወሩ ይመልከቱ።

ከዚያ በኋላ ዋጋ

ሳጥኑና ክምችቱ ተስተካክለው ገና የሚጎድል ካለ ዋጋ መጨመር ይቻላል። ጨምረው ከሚያገኙት ላይ 15 በመቶው ለኮሚሽን ስለሚሄድ የጠፋውን 60 ሳንቲም ለመመለስ 71 ሳንቲም መጨመር ያስፈልጋል። በፊተኛው ምሳሌ በአዲሱ ታሪፍ 3.90 የሆነው ትርፍ ወደ 4.50 ይመለሳል፤ ሽያጩ ግን ከ13 በመቶ በላይ ከቀነሰ ዋጋውን ባለመጨመር የተሻለ ይገኝ ነበር። ይህን ቁጥር አስቀድመው ጽፈው ለጥቂት ሳምንታት ይሞክሩ፤ ያለ ወሰን የተጀመረ ሙከራ መቼ እንደሚቆም አይታወቅም። በ10 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ ዕቃ ካለዎት ደግሞ ይጠንቀቁ፦ አማዞን ከ10 ዶላር በታች ለሆኑ ዕቃዎች ዝቅ ያለ የማድረሻ ታሪፍ ስላለው፣ ከ9.80 ወደ 10.20 የተሻገረ ሻጭ የጨመረውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል።

ለርካሽ ዕቃ ከዋጋ ጭማሪ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ አንድ ላይ አሽጎ መሸጥ ይሻላል፤ የማድረሻው ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ ይታሰባልና። ገዢው በተፈጥሮው ደጋግሞ የሚገዛው ዕቃ ካልሆነ ግን ጥንዱ መደርደሪያ ላይ ይከርማል።

ወደ ሌላ የሎጂስቲክስ ድርጅት መሄድን የሚያስቡ ከሆነ፣ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የአንድ ትእዛዝ ዋጋ ብቻ አይመልከቱ። የመረከቢያ፣ የማከማቻ፣ የማንሻ፣ የማሸጊያ ዕቃና የወርኃዊ ዝቅተኛ ክፍያ በአንድ ላይ ተደምረው ባለፉት ሦስት ወራት በላኳቸው እውነተኛ ትእዛዞች ላይ እንዲሰሉልዎ ይጠይቁ። ከጭማሪ መሸሽም አይቻልም፤ ፌዴክስና ዩፒኤስ ለ2024፣ ለ2025 እና ለ2026 በየዓመቱ በአማካይ 5.9 በመቶ ጭማሪ አውጀዋል። ይህ መንገድ የሚያዋጣው በተለይ ትልቅና ቀስ ብሎ ለሚሸጥ፣ ወይም በበርካታ ገበያዎች ለሚሸጥ ዕቃ ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ በፍሬ የሚተርፈው ከማስታወቂያው የቀን መዋዠቅ እንኳ የማይበልጥ ዕቃ አዲስ ትእዛዝ ሊሰጥበት አይገባም። ማስታወቂያውን ያቁሙ፣ የቀረውን በቅናሽ ይሽጡ፤ 181ኛው ቀን ወይም የኦክቶበር ኪራይ ከመድረሱ በፊት የማይጠናቀቅ መስሎ ከታየ ደግሞ ዕቃውን ከመጋዘን የማስወጫውን ክፍያ በቅናሽ ከሚያጡት ጋር አነጻጽረው ያነሰውን ይምረጡ።