«ፍሬን በጠሰ» ከማለት በፊት፦ በመኪናው መሣሪያ ተማምኖ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ላይ አደጋ በደረሰ ቁጥር ከተሰበሰበው ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው «መኪናው ፍሬን በጥሶ ነው» የሚለው ቃል ነው። በዚህ አባባል ውስጥ አሽከርካሪ የሚባል ሰው የለም፤ የበጠሰው መኪናው ነው፣ መሪ የጨበጠው ሰው ግን እንደ ተሳፋሪው ሁሉ ነገሩ ድንገት የወረደበት ይመስላል። የፍጥነት መገደቢያ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ)፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋ ኤርባግና ካሜራ የተገጠመላቸው መኪኖች በበዙ መጠን ደግሞ ይኸው አባባል መልኩን እየለወጠ «ሴንሰሩ አላየውም» ወደሚል ሲሻገር እታዘባለሁ። መሣሪያዎቹ ሕይወት እንደሚያድኑ አልጠራጠርም፤ ችግሩ የሚመጣው አሽከርካሪው ያልተሠሩለትን ሥራ ሲያሸክማቸው ነው።

የመጀመሪያውና በእኛ መልክዓ ምድር እጅግ የከፋው ስህተት ቁልቁለትን ለፍጥነት መገደቢያው መተው ነው። በሕዝብ ማመላለሻና በጭነት መኪኖች ላይ የሚገጠመው ይህ መሣሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ በመቀነስ ነው፤ ነዳጅ ሲቀንስ ግን የሚዳከመው የሞተሩ ጉልበት እንጂ የመሬት ስበት አይደለም። ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጥምዝምዝ ወደ ዛሪማ የሚወርድ አይሱዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ እየተጎተተ ስለሆነ መገደቢያው እዚያ ላይ የሚይዘው ነገር የለውም። በዚያ ላይ መሣሪያው የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ኩርባውን፣ ጉሙን፣ ከኩርባው ጀርባ መንገድ የሚያቋርጠውን የከብት መንጋ አያውቅም።

አንድ ክረምት በዚያው ቁልቁለት በሚኒባስ ስወርድ፣ ወጣቱ ሾፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ ላይ ጥሎ፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማው አላቅቆ፣ በፍሬን ብቻ ይወርድ ነበር። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መኪናውን ሞላው። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» ሲሉት፣ «አይዞዎት እማማ፣ መኪናው አዲስ ነው፣ ኤቢኤስ አለው» አላቸው። እናቲቱ ያሉት ልክ ነበር፤ የእሱ መልስ ግን ከጥያቄው ጋር አይገናኝም፤ ኤቢኤስ የጋለ ፍሬን አያበርድምና። ፍሬን ያለ ፋታ ሲረገጥ ሸራው ግሎ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲዘልቅም ዘይቱ ይፈላና የእንፋሎት አረፋ ይፈጠርበታል፣ አረፋ ደግሞ የሚጨመቅ ነገር ስለሆነ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ያረጃል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ሲጠበቅበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ «በጠሰ» በተባለው ፍሬን ላይ የተበጠሰ ነገር ቢፈለግ አይገኝም፤ የተገኘው ያልተቀየረ ዘይትና ያልገባ ማርሽ ነው።

ነባር ሾፌሮች «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ማርሹም መግባት ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ መኪናው ከፈጠነ በኋላ አይደለም። ፎሌ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውም ለዘመኑ መኪና አይሠራም። ነዳጅ አረጫጨቱ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሞተር ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነሥቶ ሲወርድ ነዳጁን ይዘጋል፤ ፎሌ ላይ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ስህተት ያው ኤቢኤስ መኪናን ምንጊዜም ባጭር ርቀት ያቆማል ብሎ ማመን ነው። የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ ያበቃው ይህ ዘዴ ዋና ሥራው ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍና መሪው እንዲታዘዝ ማድረግ ነው፤ ማለትም አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን ነገር ዞሮ እንዲያልፍ ዕድል ይሰጠዋል። በጠጠር መንገድ ላይ ግን የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ እየከመረ ሲቆም፣ ኤቢኤስ ያለው መኪና የበለጠ ርቀት ሊሄድ ይችላል። መሣሪያው ሥራ ሲጀምር ፔዳሉ ከእግር ሥር ስለሚንቀጠቀጥ፣ የተበላሸ መስሏቸው እግራቸውን የሚያነሡ አሉ፤ የሚገባው አጥብቆ ረግጦ መያዝ ነው። ጥርሱ ያለቀ ወይም ያረጀ ጎማ ደግሞ ማንኛውንም ኤቢኤስ ዋጋ ያሳጣዋል። የጎማው ዕድሜ ጎኑ ላይ «DOT» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ «2319» የሚል ቢነበብ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ይህን ቁጥር ቢያይ ይሻለዋል።

ኤርባግ አለ ብሎ ቀበቶ አለማሰር ሦስተኛው ነው። ኤርባግ የሚነፋው ዓይን ከሚርገበገብበት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ የተሠራውም በቀበቶ ለተያዘ ሰውነት ነው፤ ያልታሰረ ሰው ከረጢቱ ሳይነፋ ወደፊት ስለሚወረወር ገና በኃይል በሚወጣው ከረጢት ላይ ፊቱን ይዞ ይወድቃል። ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህባቸው ቀበቶውን ከጀርባቸው አሳልፈው የሚቆልፉ፣ ይባስ ብለውም የቀበቶ ምላስ ብቻውን ገዝተው የሚሰኩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከፊት ወንበር ሕፃን ታቅፎ መሄድም ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ በግጭት ጊዜ ልጅን በክንድ ይዞ ለማስቀረት የእናት ጉልበት አይበቃም።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል፤ ብዙዎቹም ከፊታቸው ያለውን አይተው በራሳቸው ፍሬን የሚይዙና መስመር የሚጠብቁ ናቸው። አራተኛው ስህተት የእነዚህን ካሜራዎች ዓይን እንደ ራስ ዓይን መቁጠር ነው። መስመር ጠባቂው የሚከተለው የተቀባ መስመር ስለሆነ ቀለሙ በለቀቀ አስፋልት ላይ የሚይዘው የለውም፤ ሌንሱ በጭቃ ሲሸፈንም ያው ነው። መሣሪያው ለይቶ እንዲያውቅ የተሠራው በዋናነት መኪናን፣ እግረኛንና ብስክሌትን ነው። ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2017 መኪናው የአውስትራሊያን ካንጋሮ አዘላለል እያየ ርቀቱን መለካት እንደተቸገረ በይፋ አምኗል፤ ካንጋሮ ያወዛገበው ካሜራ፣ ጎኗ በጭድ ከግራ ከቀኝ አብጦ ወደ ቅዳሜ ገበያ የምትነዳን አህያ ምን ብሎ እንደሚሰይማት እንጃ። ከዚህ የከበደው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 በአሜሪካ አሪዞና፣ ቴምፔ ከተማ የደረሰው ነው፤ ራሱን የሚነዳ፣ ኡበር የተባለው የታክሲ ጥሪ ኩባንያ የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴትን ገጭቶ ገደለ። መሣሪያው ከግጭቱ 5 ሰከንድ በላይ ቀድሞ ቢያያትም ምንነቷን በትክክል መለየት አልቻለም፤ እንድትቆጣጠር የተቀመጠችው አሽከርካሪ ደግሞ ስልኳን ስታይ ነበር። መርማሪዎቹ ኩባንያውንም ወቅሰዋል፤ በፍርድ ቤት ጥፋተኝነቷን ያመነችው ግን አሽከርካሪዋ ናት።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበል። እግር ከፔዳል ሲነሣ መኪናውን የሚይዘው ሞተር ጉልበቱን ወደ ባትሪ የሚመልስ ነው፤ ሌሊት 100 በመቶ የተሞላ ባትሪ ግን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ጠዋት ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወረድ ያ መያዝ ይላላል። ቁልቁለት ለመውረድ የሚነሣ ሰው ባትሪውን ትንሽ አጉድሎ ቢነሣ መልካም ነው።

የመጨረሻው ስህተት የዳሽቦርድ መብራትን መሸፈን ነው። በአንድ ታክሲ ዳሽቦርድ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ አይቼ ሾፌሩን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ማታ ማታ ዓይኔን ይወጋኛል» አለኝ። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ከበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፣ ጎማው ግን ሊቆለፍ ይችላል፤ በዝግታ ወደ ጋራዥ መሄድ ይቻላል። ቀዩ የፍሬን መብራት ሲበራ በመጀመሪያ የእጅ ፍሬን መለቀቁ ይታያል፤ ተለቆም ካልጠፋ ዘይቱ ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል መኪናው ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ተሳፋሪም ይወርዳል።