ኢሙልሽን ስትቀቡ የብሩሽ መስመር እየተወ ላስቸገራችሁ

ፈሳሽ የፎቶ ኢሙልሽን (ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ ሲልቨር ያለበት የፎቶ ማተሚያ ቅብ) ወረቀት ላይ በእጃችሁ የምትቀቡ ልጆች፣ በተለይ ደብረ ማርቆስና እንደሱ ብርዳማ ቦታ ያላችሁ፣ ነገርየው ጄላቲን ስለሆነ እንዳደረ የአጥንት መረቅ ቶሎ ይረጋል፣ ብሩሹ ወረቀቱን ሳይጨርስ መስመር መስመር ይሰራል። ትንሽ አቅጥኑት በቃ።

በቀይ መብራት፣ ለዛሬ የሚበቃችሁን ብቻ በፕላስቲክ ማንኪያ አውጡና (ደጋግሞ ማሞቅ ፎግ ያመጣል፣ ማለትም ብርሃን ያልነካው ቦታ ሁሉ ይጠቁራል) ዕቃውን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አቅልጡት፣ ከዛ ለ50 ሚሊ ኢሙልሽን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ጨምሩ፣ ውሃውም እኩል የሞቀ ይሁን፣ ቀዝቃዛ ከሆነ እዛው ይጓጉላል። ከዚህ በላይ ካቀጠናችሁት ሲልቨሩ ይሳሳና ጥቁር መሆን ያለበት ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ እኔ ከ5 ነው የምጀምረው።

ዲስቲልድ ውሃ መኪና መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፣ ግን "የባትሪ ውሃ" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ አሲድ ሊሰጧችሁ ይችላሉ!

አትናጡት፣ አረፋ ይሞላል። በቀስታ አማስሉትና ትንሽ ይረፍ፣ አረፋው እምቢ ካለ የፋርማሲ አልኮል ሁለት ሶስት ጠብታ ጣል ማድረግ ነው። ወረቀቱንና ብሩሹንም ሞቅ አድርጓቸው፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል እንጂ ግማሹ ስራ እሱ ነው። ደግሞ አንዴ ወፍራም ከምትቀቡ ሁለቴ ስስ ስስ አድርጉት፣ አንዱን አግድም አንዱን ቁልቁል፣ የመጀመሪያው ጨለማ ውስጥ በደንብ ከደረቀ በኋላ።