የአንድ ቀን ጫጩት በቢጫ አምፖል ሲሞቅ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ብርድ የአንድ ቀን ጫጩት የሚያሳድግ ሰው ቢጫውን አምፖል አለመጣሉ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው አያያዙ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው ስህተት «ቆጣሪ አይበላም» ብሎ በኤልኢዲ መተካት ነው። ቢጫ አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብርሃን የሚሆነው ከ100 እጅ 5 እጅ ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ነው። ለሳሎን ይህ ብክነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሚፈልግ ጫጩት ግን የምንገዛው ሙቀቱን ነው። ኤልኢዲ ቤቱን ያደምቃል፣ ጫጩቶቹ ግን በብርድ ያልቃሉ።

ሌላው፣ አምፖሉ ውስጥ የተበጠሰውን ሽቦ አምፖሉን እያወዛወዙ ማገናኘት ነው። በብዙ ቤት ይደረጋል፣ ለጊዜውም ይሠራል፤ ጫፎቹ ሲነካኩ ይጣበቁና እንዲያውም ከበፊቱ ደምቆ ይበራል። ሊያሳስበን የሚገባው ይህ ድምቀት ነው። ሽቦው ስላጠረ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል፣ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክም ይበዛል። ሽቦው የሚሠራው ተንግስተን ከሚባል ብረት ነው፤ በደህናው ቀን እንኳ 2,500 ዲግሪ አካባቢ ይግላል፤ ከዚያ ትንሽ ሲያልፍ ብረቱ በፍጥነት እየተነነ ይሳሳል። እንዲህ ያለ አምፖል ሌሊት፣ ብርዱ ሲጠና ሊከዳችሁ ይችላል። እባካችሁ ጣሉት።

ብርጭቆው የጠቆረውንም እስኪቃጠል አትጠብቁት። ጥቁረቱ ከሽቦው የተነነው ተንግስተን ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኢርቪንግ ላንግሙየር እ.ኤ.አ. በ1913 አምፖሉን በጋዝ የሞላው ይህን ትነት ለመቀነስ ነበር፤ ቀነሰው እንጂ አላስቀረውም።

መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ሳያጠፉ መተውም አምፖል ይጨርሳል። ኃይሉ ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ይችላል፤ 5 በመቶ ከፍ ብሎ ቢቆይ የአምፖሉ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚያ ላይ የቀዘቀዘ ሽቦ ሲበራ ለቅጽበት ከወትሮው ከ10 እጥፍ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል። አጥፉት፣ መብራቱ ሲረጋ አብሩት።

ገለባ፣ ጨርቅና ካርቶን ከአምፖሉ አርቁ፤ እሳት ያስነሳሉ። የጋለ ብርጭቆ ላይ የውኃ ጠብታ አይድረስ።

በአንድ ትልቅ አምፖል ከመተማመን ሁለት አነስ ያሉትን ስቀሉ፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ያነጋል። ከፍታውን ጫጩቶቹን አይታችሁ ወስኑ፦ ከሥሩ ተደራርበው ከተጠጉ ዝቅ አድርጉት፣ ወደ ዳር ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ከፍ አድርጉት።